ቢላቸው ትንሽ ነበር

የምሠራው ሰፈር ውስጥ ባለች ትንሽ ቢሮ ነው። ሰዎች ብርድ የሚያስገባና ኃይል የሚያባክን ቤታቸውን ሲያሳድሱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረናቸው እንሆናለን። ቤቱን እናያለን፣ ድጎማውን እናፈላልጋለን፣ ኮንትራክተር እናገናኛለን፣ ሲያልቅ ደግሞ በትክክል መሠራቱን እናረጋግጣለን። አቅም ያለው ሰው ይህን ሁሉ ራሱ በስልክና በኢንተርኔት ይጨርሰዋል። ያረጀ፣ የታመመ፣ የቢሮ ወረቀት የሚያስፈራው ሰው ግን አምስት መሥሪያ ቤት ሲመላለስ ቆይቶ መሃል ላይ ተስፋ ይቆርጣል። የእኛ በር የተከፈተው በተለይ ለእሱ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የሕንፃዎች የኃይል አጠቃቀም መመሪያ አገሮች እንዲህ ያሉ ቢሮዎችን እንዲከፍቱ፣ ለችግር የተጋለጡ ቤተሰቦችንም ለይተው እንዲያገለግሉ አዟል።

ባለፈው ዓመት ብርዱ ሊገባ ሲል አንዲት አዛውንት እናት መጡ። የኃይል ፍጆታ ቢሎቻቸውን በፌስታል ይዘዋል፤ በየወሩ ተደርድሯል፣ አንድም የጎደለ የለም። የልጅ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳድጋሉ። ቤታቸው ላይና ታች ሁለት ቤተሰብ የሚኖርበት አሮጌ ሕንፃ ሲሆን እሳቸው ታችኛው ላይ ናቸው።

«ስንት ይከፍላሉ?» አልኳቸው። ነገሩኝ። ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ አስገባሁ።

ያኔ ተራ የምናስይዘው በሚቆጠበው ኃይል መጠን ነበር። ብዙ የሚያባክን ቤት ይቀድማል። ገንዘቡ ውስን ስለሆነ ነገሩ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። የእኚህ እናት ቢል ግን የጎረቤቶቻቸውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ከዝርዝሩ ግርጌ አካባቢ አስቀመጣቸው። እኔም ቢልዎ ጥሩ ነው፣ ተራዎ ሲደርስ እንደውላለን ብዬ ሸኘኋቸው። አመስግነውኝ ሄዱ። ያ ምስጋና እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሁለት ወር ቆይቶ ከእሳቸው በላይ ያለውን ቤት ልለካ ሄድኩ። ስወርድ በራቸው ላይ አገኘኋቸው። «ግባ ልጄ፣ ውጭው ይበርዳል» አሉኝ። ካፖርት ስለለበሱ ከውጭ እየገቡ መስሎኝ ነበር። ለካ ቤት ውስጥ የሚለብሱት ነው።

አልጋው ኩሽና ውስጥ ነው። አንድ አልጋ፣ ለሁለት። ማሞቂያው የሚበራው እዚያ ክፍል ብቻ፣ እሱም ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ነው። ቴርሞሜትሬን አወጣሁ። ኩሽናው 16 ዲግሪ፣ መኝታ ቤቱ 11። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ብርድ ባለበት አገር ቤት ውስጥ ቢያንስ 18 ዲግሪ እንዲሆን ይመክራል፤ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለታመሙ ሰዎች ደግሞ ከዚያም በላይ ሊያስፈልግ ይችላል ይላል።

መኝታ ቤቱ ውስጥ ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ራቅ ተደርጓል። ከጀርባው ሻጋታ ነው፣ ከወለሉ እስከ ትከሻዬ ድረስ ጥቁር። በጨርቅ ሲጠርጉት እንደኖሩ ያስታውቃል፤ እጃቸው የደረሰበት ቦታ ሁሉ ግማሽ ክብ እየሠራ ነጣ ነጣ ብሏል። የአየር መግቢያዋ ቀዳዳ በጋዜጣና በፕላስተር ተደፍናለች። መስኮቱ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አለ፣ ሲነኩት ውሃ ያዘለ። የአልጋው ራስጌ ላይ የልጁ የአስም መድኃኒት ተቀምጧል።

«ይህን ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ስንት ይከፍላሉ አልከኝ፣ ነገርኩህ። ይበርድዎታል ወይ አላልከኝም» አሉ፣ ያለ ምንም ቁጣ።

የሚያበሳጨኝ ነገሩን አለማወቄ አይደለም። ተምሬዋለሁ። የተደበቀ የኃይል ድህነት ይባላል፤ ቤተሰቡ መክፈል ስለማይችል ብርዱን ችሎ ይኖራል፣ ቢሉም ትንሽ ስለሚሆን ችግሩ አይታይም። አውሮፓ ውስጥ ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ ለኃይል የሚያወጣው ገንዘብ ከአገሩ መካከለኛ ወጪ ግማሽ በታች የሆነ ቤተሰብ ስንት እንደሆነ መቁጠር ነው። እርግጥ ትንሽ የሚከፍል ሁሉ ተቸግሯል ማለት አይደለም፣ ቤቱ ጥሩ ሆኖም ሊሆን ይችላል፤ ግን ሄዶ ማየት ይጠይቃል። እኔ ፈተናውን ያለፍኩበትን ነገር፣ ፌስታሉን ይዘው ፊቴ ሲቀመጡ አላየሁትም።

በማግስቱ ፋይላቸውን ወደ ላይ አወጣነው። ኮንትራክተሩ መጀመሪያ ያሰበው መስኮት መቀየር ነው። መስኮት ቶሎ ያልቃል፣ ለዓይንም ያምራል። እኛ እምቢ አልን። ከቀዝቃዛ ቦታ የወጣ ጠርሙስ እንዴት እንደሚያልበው አይታችኋል። ግድግዳም እንደዚያው ነው፤ 20 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት ያለው አየር 9 ዲግሪ ገደማ የሆነ ግድግዳ ሲያገኝ እርጥበቱ ውሃ ይሆናል። ሻጋታው ደግሞ ጠብታ እስኪታይ አይጠብቅም፣ ግድግዳውን የሚነካው አየር እርጥበት 80 በመቶ ደርሶ ከቆየ ይበቃዋል። ግድግዳው እንደቀዘቀዘ፣ ቀዳዳዋም እንደተደፈነች መስኮቱን ብቻ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ ብታደርገው፣ የምግብ ማብሰሉና የትንፋሹ እርጥበት ሁሉ መውጫ አጥቶ እዚያው ግድግዳ ላይ ይመለሳል። ልጁ ደግሞ ይህን ነው የሚተነፍሰው።

ስለዚህ ግድግዳውን ከውጭ በኩል የሙቀት መከላከያ አለበስነው። የላይኛውም ቤት አመልካች ስለነበር ለሁለቱ አንድ ጊዜ መወጣጫ ተተከለ፣ ወጪውም ቀለለ። እርጥብ አየር የሚያወጣ ፋን ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ውስጥ ገባ። መስኮቱ ተቀየረ፣ አዲስ አየር የሚያስገባበትም ተሠራለት። ማሞቂያው የመጨረሻ ነው፤ መጀመሪያ ቢገባ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ይገዛ ነበር።

ከሥራው ይልቅ ያስቸገረን ገንዘቡ ነው። ድጎማው የሚከፈለው ሥራው አልቆ ደረሰኝ ሲቀርብ ነበር። እኚህ እናት ያን ያህል ገንዘብ አውጥተው ወራት የሚጠብቁት ከየት አምጥተው? ድጎማው በቀጥታ ለኮንትራክተሩ እንዲከፈል እስክናስፈቅድ ስንት ቀን ደጅ ጠናሁ። በእኔ እምነት ብዙ ድሃ ቤተሰብ የሚቀረው እዚህች ላይ ነው። ድጎማ እያለ።

በሚቀጥለው የብርድ ወቅት ቢላቸው መጣ። ብዙም አልቀነሰም። ሒሳብ የሚሠራው ባልደረባዬ «ታዲያ ምን ተቆጠበ?» አለኝ። ይዤው ሄድኩ። አልጋው መኝታ ቤት ገብቷል፣ ለልጁም የራሱ አለው። ቁም ሳጥኑ ያለበት ክፍል 19 ዲግሪ ነው። በፊት አንዲት ክፍል ለጥቂት ሰዓት በሚያሞቁበት ገንዘብ አሁን ቤቱን በሙሉ ያሞቃሉ። የእኛ የድሮ ስሌት ሁሉም ሰው ቤቱን በሙሉ እንደሚያሞቅ አድርጎ ነበር የሚጀምረው፣ ቢሉ ካነሰ ደግሞ ችግር የለም ይላል። ባልደረባዬ ያን ቀን ብዙ አልተናገረም። ሪፖርቱ ላይ ግን ከተቆጠበው ኃይል ጎን የክፍሎቹ ሙቀት የሚጻፍበት አዲስ ዓምድ ጨመረ።

ፎርማችንም ተቀየረ። አሁን ቢል ከመጠየቃችን በፊት በብርድ ጊዜ ስንት ክፍል ውስጥ ነው የምትኖሩት፣ አልጋው የት ነው፣ ግድግዳ ላይ ጥቁር ነገር አለ ወይ፣ የሚያስል ሰው አለ ወይ እንላለን። ሰው ስለ ገንዘብ ሲጠየቅ ይሸማቀቃል፣ ስለ አልጋ ሲጠየቅ ግን ይናገራል።

ከዚያ በኋላ የድሮዎቹን ፋይሎች አወጣኋቸው፤ ቢላችሁ ትንሽ ነው ብለን ተራ ጠብቁ ያልናቸውን ሁሉ። አንድ በአንድ እየደወልኩ ነው። አብዛኞቹን አግኝቻለሁ፤ የአንዳንዶቹ ቤት ደህና ነው፣ የአንዳንዶቹ አይደለም። የሦስቱ ስልክ ግን አይሠራም። አድራሻቸው አለኝ። ነገ ከሥራ በፊት ሄጄ የመጀመሪያውን በር አንኳኳለሁ።