አዲስ ፒካፕ አዝዤ አትርፌ የሸጥኩት እንዴት ነው?

"ስንት አተረፍክ?" የማይለኝ ሰው የለም። እነግራችኋለሁ፣ ግን ሂሳቡን እስከ መጨረሻ ተከተሉኝ። በአፍ የሚወራው ትርፍና ኪስ የሚገባው ለየቅል ናቸው።

ፎርድ ማቭሪክ የተባለውን ትንሽ ፒካፕ ጁን 2021 ላይ ሲያስተዋውቅ የሃይብሪዱ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሠራው) መነሻ ዋጋ 19,995 ዶላር ነበር፤ ማጓጓዣው 1,495 ለብቻው። ከተማ ውስጥ በአንድ ጋሎን 42 ማይል የሚሄድ ፒካፕ በዚህ ዋጋ! ያውም መኪና ውስጥ የሚገባው የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ጠፍቶ የዲለሮች (የአዲስ መኪና ሻጮች) ግቢ ባዶ በሆነበት ሰዓት። ሰው ተሻማበት። ጃንዋሪ 2022 መጨረሻ ላይ ፎርድ የዓመቱን ትዕዛዝ ዘጋ፤ ከዚያ ወዲያ የፈለገ ወይ ቀጣዩን ዓመት ይጠብቃል ወይ ከያዘ ሰው ይገዛል። እኔ ወረፋ ይዤ ነበር።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ያዘዝኩት ኤክስኤልቲ የሚባለው ደረጃ ሃይብሪድ ከነማጓጓዣውና ከነጭማሪዎቹ 25,800 ዶላር መጣ። ከማዘዜ በፊት ዲለሮቹን በኢሜይል የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ "መኪናው ሲደርስ ከተለጠፈው ዋጋ በላይ ትጨምራላችሁ?" አንዱ "ያኔ ገበያውን አይተን" አለኝ፤ ተውኩት። ሌላው "በተለጠፈው ዋጋ" ብሎ ጻፈልኝ፤ እሱ ጋ አዘዝኩ። መኪናው ሲመጣ ሻጩ "አሁን እኮ በዚህ ዋጋ እየሸጥን አይደለም" ብሎ ሲጀምር ኢሜይሏን ከስልኬ አውጥቼ አሳየሁት። አለቃውን ጠራ፣ ትንሽ ተንሾካሾኩ፣ ከዚያ ምንም ሳይሉ የሚፈረመውን ወረቀት አመጡ።

ውሉንም አንብቡ። አንዳንድ መኪና ላይ ለተወሰነ ጊዜ መሸጥ የሚከለክል አንቀጽ አለ። ፎርድ ራሱ "ጂቲ የሚባለውን መኪናዬን ጊዜው ሳይደርስ ሸጠብኝ" ብሎ የሬስሊንግ ተጋጣሚውን ጆን ሲናን በ2017 ከሶታል። የኔ ውል ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ለግለሰብ ብሸጠው የተሻለ ዋጋ ይገኝ ነበር። ግን በብድር ስለገዛሁት ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ባንክ አለበት፤ ያን ሁሉ ብር የሚያወጣ ሰው ደግሞ ታይትሉን በዓይኑ ካላየ አያምንም፣ አይፈረድበትም። ስለዚህ ፊቴን በኦንላይን ወደሚገዙት ድርጅቶች አዞርኩ። የመኪናውን መለያ ቁጥርና ማይሉን ስታስገቡ ወዲያው ዋጋ ይሰጧችኋል፤ ዋጋው ለ7 ቀን ይጸናል። ሁሉም ጋ ጠይቁ። ለአንድ መኪና በአንድ ቀን የሰጡኝ ዋጋ ከ2,000 ዶላር በላይ ይለያያል። ትልቁ 32,400 ነበር። በጊዜያዊ ታርጋ አንወስድም ስላሉኝ ዋናው ታርጋ እስኪመጣ በየቀኑ ዋጋው ወርዶ ይሆን እያልኩ ሳይ ከረምኩ። ሊወስደው የመጣው ልጅ ወንበሩ ላይ ያለውን ላስቲክ አይቶ "ይሄ እኮ ገና ሰው አልተቀመጠበትም" ብሎ ሳቀ። የባንኩን ዕዳ እነሱ ዘጉ፣ የተረፈውን በቼክ ሰጡኝ።

አሁን ሂሳቡ። ልዩነቱ 6,600 ነው። ከዚያ ላይ የቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ታክስ 4.15 በመቶ፣ ማለትም 1,070 ገደማ ሄደ። የዲለሩ የወረቀት ክፍያ 799። ታርጋ፣ ኢንሹራንስና የብድር ወለድ ተደምሮ ወደ 330። 4,400 ቀረ። ዓመት ሳይሞላው ስለተሸጠ ትርፉ እንደ ደመወዝ ታክስ ይከፈልበታል፤ ከፌዴራሉና ከስቴቱ በኋላ እጄ ላይ የቀረው 3,200 አካባቢ ነው። ለኔ ክፉ አይደለም። አዝዞ ከመጠበቅ በቀር ያፈሰስኩበት ላብ የለም። ግን "ስድስት ሺህ አፈሰ" የሚሉኝ ወዳጆቼ ይሄን ይወቁልኝ።

ሰው ያልነገራችሁን ደግሞ ልጨምር። የኔ የደረሰው በ2022 ሰመር፣ ገበያው ሳይበርድ ነው። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ያገለገለ መኪና ዋጋ ወርዷል፣ ወለዱም ጨምሯል፤ ያኔ የደረሰው ሰው ይህን ዋጋ አያገኝም። ስለዚህ ብትይዙትም የማይቆጫችሁን መኪና እዘዙ። እኔ ገበያው እምቢ ቢል ራሴ ልነዳው ተዘጋጅቼ ነበር። ደጋግሜ ልሥራበት ለምትሉ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በ12 ወር 5 ወይም ከዚያ በላይ መኪና መሸጥ የዲለር ፈቃድ ያስጠይቃል።

ከሸጣችሁ በኋላ ደግሞ መጀመሪያ ታርጋውን ለዲኤምቪ (ለስቴቱ የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት) መልሱ፣ ኢንሹራንሱን ከዚያ በኋላ ሰርዙ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት "ያለ ኢንሹራንስ መኪና ይዘሃል" የሚል ደብዳቤ ቤታችሁ ይመጣል።