በር ከመክፈቴ በፊት ሦስት ትንፋሽ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። የአንዲት እናት ኦክስጅን ስለካ መሣሪያው የማይታመን ቁጥር አሳየኝ። ሴትዮዋ እየተጫወቱ ነው፤ ከንፈራቸውም ደህና ነው። «ይሄ ዕቃ ተበላሽቷል» ብዬ ከጣታቸው አውልቄ የራሴ ጣት ላይ ሰካሁት። ኦክስጅን 98፣ የልብ ምት 118። ዕቃው ደህና ነበር፤ ለካ የሴትዮዋ ጣት ቀዝቅዞ ኖሯል። 118ቱ ግን የእኔ ነው። ከዚያ በፊት ሩብ ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ካርድ ስጽፍ ነበር፤ አልሮጥኩም፣ ደረጃም አልወጣሁም። አብራኝ ተረኛ የነበረችው ሲስተር ቁጥሩን አየት አድርጋ «ዶክተር፣ ታካሚዋ እሳቸው ናቸው ወይስ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ሦስታችንም ሳቅን።

እኔ ሳቄን ቶሎ ጨረስኩ። በዚያ ሰሞን ስልኬ በጮኸ ቁጥር ሆዴ ይገለባበጥ ነበር። ራውንድ ላይ፣ ታካሚዎችን በየአልጋቸው ስንዞር፣ አንድ ኢንተርን (ገና በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም) የላብራቶሪ ውጤት ዘንግቶ ሰው ፊት አዋረድኩት፤ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ደግሞ ፊቱ መጣብኝ። ቤቴ ገብቼ በሬን ከዘጋሁ በኋላ እንኳ የሞኒተሩ ጩኸት ከጆሮዬ አይወጣም። ታካሚ ይህን ሁሉ ቢነግረኝ ምን እንደሆነ ለማወቅ ደቂቃ አይፈጅብኝም፤ ለራሴ ግን «ትንሽ ደክሞኛል» ነበር የምለው።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ትልቁ ነገር ነው። ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የማይንድፉልነስ (ሐሳብን አሁን ባለው ነገር ላይ የማሳረፍ) ሥልጠና ስምንት ሳምንት ይፈጃል፤ ቤት ውስጥም በየቀኑ ወደ 45 ደቂቃ ልምምድ ይጠይቃል። እኔ 45ቱን ትቼ በስልክ መተግበሪያ የ20 ደቂቃውን ያዝኩ። ከዱቲ ወጥቼ ተቀመጥኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ድምፁ ሐሳብ ሲሄድ ቀስ ብሎ ስለመመለስ ሲናገር ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ነገር የለም። ከሁለት ሰዓት በኋላ አንገቴ ተጣሞ ነቃሁ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ተኛሁ። ዘዴው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ላደረ ሰው የሚያስፈልገው እንቅልፍ ነው፣ እሱንም አገኘሁ። የከፋው ነገር ጭንቀት ይቀንሳል የተባለው ራሱ ያልተሠራ የቤት ሥራ ሆኖ ጭንቀቴ ላይ መደረቡ ነው።

ሁለተኛው ሙከራዬ ያሳፍራል። ከተቆጡ የታካሚ ቤተሰቦች ጋር ተነጋግሬ ስወጣ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ደረቴ እስኪወጠር አየር መሳብ ጀመርኩ፤ በኃይል፣ በፍጥነት፣ ደጋግሜ። ብዙ ሳልቆይ ጣቶቼ ነዘሩኝ፣ አፌ ዙሪያውን ደነዘዘ፣ ግድግዳው ዞረብኝ። ይህን ይዞ ለሚመጣ ሰው ስንት ጊዜ ያስረዳሁት እኔው ነኝ፦ አየር ከልክ በላይ ሲመላለስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ደም ወደ አልካሊነት ያጋድላል፣ የአንጎል የደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ በደም ውስጥ ያለው ነፃ ካልሲየም ሲወርድ ጣት ይነዝራል። በር ላይ ተደግፌ እስኪያልፍልኝ ጠበቅኩ።

ያን ቀን ነው ቁም ነገሩ ያለው መሳቡ ላይ ሳይሆን ማስወጣቱ ላይ መሆኑ የገባኝ። ተምረን፣ ለፈተና መልሰን የረሳነው ነገር ነው፦ አየር ስንስብ ልብ ትንሽ ትፈጥናለች፣ ስናስወጣ ትዘገያለች። ካርል ሉድቪግ ይህን እ.ኤ.አ. በ1847 መዝግቦታል። ስናስወጣ ቬገስ ነርቭ (ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርድ፣ ልብን የሚያረጋጋ ነርቭ) በልብ ላይ የያዘው ልጓም ይጠብቃል፤ ስንስብ ይላላል። ማስወጫውን ማርዘም ማለት ልጓሙን ትንሽ ቆየት አድርጎ መያዝ ነው። ያላመነ ሰው የእጁ አንጓ ላይ ሁለት ጣት አድርጎ በቀስታ ይተንፍስ፤ በተለይ ወጣት ከሆነ ልዩነቱ በጣት ይታወቀዋል። እኔማ አንድ ጸጥ ያለ ሌሊት ኤሌክትሮዶቹን ደረቴ ላይ ለጥፌ ሞኒተሩን አየሁት። ምቱ በትንፋሼ ልክ ሲጠጋጋና ሲራራቅ ማየት ከየትኛውም ምክር በላይ አሳመነኝ። (ሲስተሯ ይህንንም አይታኛለች።)

ከዚያ በኋላ ነገሩን አቀለልኩት። በአፍንጫዬ እስከ አራት እየቆጠርኩ እስባለሁ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርኩ አስወጣለሁ። ትንፋሽ መያዝ የለም፣ ደረት መንፋት የለም። አንዱ ዙር አሥር ሰከንድ ነው፤ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል። ጤነኛ ሰው ቁጭ ብሎ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ስለሚተነፍስ፣ ግማሹ ወይም ከዚያ በታች ማለት ነው። በአራት ስቦ፣ በአራት ይዞ፣ በአራት አስወጥቶ፣ ባዶውን በአራት መቆየት የሚባለውን የሳጥን ትንፋሽ የሚወዱ ባልደረቦች አሉኝ። እኔን መያዙ ያስጨንቀኛል፤ ተውኩት።

የሚከብደው መቼ ይሠራ የሚለው ነው። በየሁለት ሰዓቱ ብዬ ስልኬ ላይ ደወል ሞላሁ፤ የመጀመሪያው ደወል የጮኸው ለአንድ ታካሚ የመተንፈሻ ቱቦ ስናስገባ ነው። አጠፋሁት። መልሱ የተገኘው በየክፍሉ በር ላይ በተሰቀለው የሳኒታይዘር ጠርሙስ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እጅን በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይወስዳል ይላል። ሦስት ትንፋሽ ደግሞ 30 ሰከንድ ነው። እጄን በየታካሚው ማሸቴ አይቀርም፤ እስከዚያ ድረስ ግን ያቺን ጊዜ የማሳልፋት ስለሚቀጥሉት አራት አልጋዎች በመጨነቅ ነበር። አሁን በመጀመሪያው ትንፋሽ መዳፌን አሻለሁ፣ በሁለተኛው የጣቶቼን መሃል፣ በሦስተኛው አውራ ጣቶቼንና የጣቶቼን ጫፍ። ከማንም ሰዓት አልለመንኩም፤ ምን እያደረግሽ ነው የሚለኝም የለም። በጎን ደግሞ እጄን በትክክል ማጽዳት ጀመርኩ፤ ለካ ከዚያ በፊት በአምስት ሰከንድ ነበር የማልፈው። አንድ አዛውንት ታካሚ ብቻ በር ላይ ቆሜ ሳሽ አይተው «ልጄ፣ ምን ነክተሽ ነው ይህን ያህል?» ብለውኛል።

ትንፋሹ ግን ግማሹ ነው። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ለራሴ አንዲት ቃል እላለሁ፦ «ተናድጃለሁ»፣ «ቸኩያለሁ»፣ «ፈርቻለሁ»፣ አንዳንዴም «ርቦኛል»። ለማስተካከል አልሞክርም፤ ስሙን ብቻ እጠራለሁ። የአልጋ ቁጥር ሦስትን ንዴት አልጋ ቁጥር አራት ላይ የተኛው ሰው ሲከፍልልኝ እንደኖረ ያየሁት በዚህ ነው። ሥራዬንም ነካው። «ቸኩያለሁ» ካልኩ የመድኃኒቱን መጠን ሁለቴ አነባለሁ፤ «ፈርቻለሁ» ካልኩ ለሲኒየር እደውላለሁ። ድሮ ፍርሃቴን ራሴም ስለማላውቀው ነበር የማልደውለው።

ከሁሉ የከበደኝ ሲፒአር አድርገን፣ የቆመ ልብ ለመመለስ ደረት ተጭነን፣ ሳይሳካ ሲቀር ያለው ጊዜ ነው። ሰዓቱ ይነገራል፣ ጓንት ይወልቃል፣ ሁሉም ይበተናል፤ እኔ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሌላ አልጋ አጠገብ ቆሜ ስለ ሳል እጠይቃለሁ። በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ጆናታን ባርትልስ የተባለ ነርስ ታካሚ ሲሞት ቡድኑ ባለበት ቆሞ ለአፍታ ዝም እንዲል ማድረግ ጀምሮ ነበር፤ ልማዱ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎችም ተዛምቷል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለወራት ለመጠየቅ አፈርኩ። አንድ ሌሊት ግን አንድ ወጣት ልጅ ሞተብንና ድምፄ እየተንቀጠቀጠ «ከመሄዳችን በፊት አንድ ጊዜ ቆም ብለን እናስበው» አልኩ። ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። ማንም አልተናገረም። ያ ያዋረድኩት ኢንተርን አለቀሰ፤ ሲስተሯ ትከሻውን ይዛ አወጣችው። ከዚያ ወዲህ እኔ ብዘነጋ ሌላው ያስታውሳል።

ከሥራ ወጥቼ፣ ቤት ከመግባቴ በፊት የማደርገው ሌላ ነው። በአፍንጫ ሙሉ መሳብ፣ በላዩ ላይ አጭር ሁለተኛ መሳብ፣ ከዚያ በአፍ ረጅም ማስወጣት፤ አልቅሶ የወጣለት ሕፃን እንደሚያደርገው ዓይነት። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት ጥናት፣ ይህን በቀን አምስት ደቂቃ ለአንድ ወር ያደረጉ ሰዎች ስሜት ማይንድፉልነስ ሜዲቴሽን ካደረጉት የበለጠ ተሻሽሏል። ተሳታፊዎቹ ከመቶ ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ ጥናቱም ሐኪሞችን የተመለከተ አይደለም። ስለዚህ አልምልበትም፤ እኔ ላይ ግን ሠርቷል።

ለሁሉም አይሆንም። አንድ ባልደረባዬ ትንፋሹን ሲከታተል ይብስበታል፤ በልጅነቱ አስም ነበረበት። እሱ የእግሩ መርገጫ ወለሉን ሲነካ የሚሰማውን ብቻ ያዳምጣል፣ ይበቃዋል። ለሳምንታት እንቅልፍ ላጣ ወይም መኖር ለሰለቸው ሐኪም ደግሞ ሦስት ትንፋሽ መልስ አይደለም። እሱ ካርድ አውጥቶ እንደማንኛውም ታካሚ ሌላ ሐኪም ፊት መቀመጥ አለበት፤ ይህን ለሌላው እንጂ ለራሳችን አናዝም።

የሚያናድደኝም ነገር አለ። የሌሊት ተረኛ ሐኪም ይጨመርልን ብለን ደብዳቤ ስንጽፍ ከአስተዳደር የመጣልን መልስ የግማሽ ቀን የጭንቀት መቀነሻ ሥልጠና ነው። ሥልጠናው ደህና ነበር፤ የተያዘው ግን ከዱቲ በምንወጣበት ጠዋት ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በርንአውትን (በሥራ ብዛት ተሟጦ መዛልን) ሲያብራራ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጭንቀት የሚመጣ ክስተት አለው እንጂ በሽታ አላለውም። ምክንያቱ ሥራ ቦታው ውስጥ ከሆነ መድኃኒቱን ከእኔ ሳንባ ብቻ መፈለግ ምን ይባላል? ቬገስ ነርቭ የሌሊቱን ታካሚ ለሁለት አይከፍልልኝም።

የመጀመሪያው ደብዳቤ በንዴት የተጻፈ ነበር፤ አሁን ሳነበው ያስታውቃል። ሁለተኛውን በቁጥር ጻፍነው፦ በአንድ ሌሊት ስንት አዲስ ታካሚ ገባ፣ ስልክ ስንት ጊዜ ተደወለ፣ የነበረው ሐኪም ስንት ነው። መልስ እየጠበቅን ነው። ዛሬ ማታም ተረኛ ነኝ።