ከአፍንጫ መጀመር፦ በጅማ ቡና ጥላ ሥር የአንድ ሰዓት ጽሞና

በመጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሽ መቁጠር ነበር። ዓይን ሲጨፈን ሐሳብ ይጎርፋል፤ ቡና ሥር ደግሞ ገብረ ጉንዳን ሳይታይ እግር ላይ ይወጣል። አሁን ዓይኔን ገልጬ ከአፍንጫ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም እሱ ቶሎ ይለምዳል። ጫካ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ከቆያችሁ በኋላ የአፈሩ ጠረን ይጠፋባችኋል።

ስለዚህ ገና ሳልገባ፣ ጠርዙ ላይ ቆሜ፣ አራት እየቆጠርኩ አስገባለሁ፣ ስድስት እየቆጠርኩ አስወጣለሁ፤ አምስት ጊዜ። የሸተተኝን በስሙ እጠራለሁ፦ እርጥብ አፈር፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ከሩቅ የመጣ የማገዶ ጭስ። ቡና የሚያብበው ከበጋው ድርቅ በኋላ ዝናብ በጣለ በሳምንት ከጥቂት ቀን ውስጥ ነው፤ አበባው ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይረግፋል። ያን የመሰለ ጠረን እንዳያመልጠኝ ዝናቡ የጣለበትን ቀን ማስታወሻ ላይ እጽፋለሁ።

ቀጥሎ ጆሮ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ደርሼ እቀመጣለሁ፤ ጉሬዛ የሚጮኸው ማለዳ ነው። መጀመሪያ የሩቁን ድምፅ፣ ከዚያ የቅርቡን፣ በመጨረሻ የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ። ወራጅ ውሃ አጠገብ መቀመጥ ደስ ይላል፣ ግን ሌላውን ድምፅ ሁሉ ይውጠዋል፤ ራቅ በሉ።

እግር ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። እኔ በ10 ደቂቃ ከ30 እርምጃ አላልፍም። ከላይ የሰሳና የዋንዛ ጥላ፣ መካከል ላይ ቡናው፣ ከታች የረገፈው ቅጠል፦ ሦስቱን በአንድ ጊዜ፣ ዓይንን አንድ ነገር ላይ ሳይተክሉ ማየት ልምምድ ይጠይቃል፤ ሲሳካ ግን የወፍ ክንፍ እንቅስቃሴ ሳትፈልጉት ይታያችኋል። እጅ ከመዘርጋት በፊት ሳማ አለመኖሩን ማየት፤ ከዚያ የቡናውን ቅጠል ፊትና ጀርባ በጣት ማነጻጸር። ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ይለሰልሳል።

ማሳው ባለቤት አለው። በለቀማ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ሳያስፈቅዱ ዛፍ ሥር መቀመጥ ሌባ ያስመስላል። ከፈቀዱላችሁ ግን አንድ ቀይ እሸት ቡና ጠይቁና ገለፈቱን ምጠጡ፤ ሥጋው ስስ ነው፣ ጣፋጭነቱም ምላስ ጫፍ ላይ ያልቃል።

ጅማ ከተማ አጠገብ ወዳለው፣ ጉማሬ ወደሚኖርበት ቦዬ ረግረግ የምትሄዱ ከሆነ ማለዳውን ተዉት። ጉማሬ ሌሊት ግጦ ጎህ ሲቀድ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ በእሱና በውሃው መካከል መገኘት እጅግ አደገኛ ነው። ረፋዱ ላይ፣ ከዳርቻው ርቃችሁ ከፍታ ላይ ተቀመጡ።