ለልዩ አዋቂው የጻፍኩት የተሳሳተ ጥያቄ

በጠበቃነት በያዝኩት የመጀመሪያው የሕክምና ቸልተኝነት ጉዳይ ለልዩ አዋቂው፣ ማለትም ለፍርድ ቤት የሙያ አስተያየት ለሚሰጡት ሐኪም የላክሁት ደብዳቤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ «እርስዎ ቢሆኑ ቀዶ ሕክምናውን እንዴት ይሠሩት ነበር?» መልሱ ሲደርሰኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። «እኔ ብሆን ሌላኛውን ዘዴ እመርጥ ነበር» ይላል። በቃ፣ የረታን መሰለኝ።

የተከሳሹ ልዩ አዋቂ ግን ብቁ ሐኪሞች ሁለቱንም ዘዴ እንደሚጠቀሙ ጻፉ። የእኔው ባለሙያ ሲጠየቁም እውነት ነው አሉ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። የእንግሊዝ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1957 ከተወሰነው የቦላም ጉዳይ ወዲህ «አንተ ብትሆን?» ብሎ አይጠይቅም። ከሳሹ ታካሚ ቦላም በኤሌክትሪክ ንዝረት ሲታከም ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት አልተሰጠውም፤ አጥንቱ ተሰበረ። መድኃኒቱን መስጠት አለመስጠት ላይ ግን ሐኪሞቹ ራሳቸው አይስማሙም ነበርና ተረታ። በሙያው ኃላፊነት የሚሰማቸው ሰዎች ከተቀበሉት፣ ሌሎች ስለማይወዱት ብቻ ቸልተኝነት አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1997 በቦሊቶ ጉዳይ ላይ ግን ፍርድ ቤቱ አንድ ነገር ጨመረ፦ የባለሙያዎቹ አስተያየት በምክንያት ሲፈተሽ መቆም አለበት። ይህ ባይጨመር ባለሙያዎች ራሳቸውን በራሳቸው ይዳኙ ነበር።

ሌላም ስህተት ነበረብኝ። ባለሙያዬ የጠቀሱት ጥናት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የወጣ ነው። ይህ ለምን እንደማይጠቅም አንድ የቆየ ጉዳይ ያሳያል፦ እ.ኤ.አ. በ1947 ሁለት ታካሚዎች ከማደንዘዣ በኋላ ሽባ ሆኑ። መርዛማ ፈሳሽ ለዓይን በማይታይ የብልቃጥ ስንጥቅ ሰርጎ ማደንዘዣው ውስጥ ገብቶ ነበር። በ1954 ይግባኙን ያዩት ዳኛ ዴኒንግ የ1947ን አደጋ በ1954 መነጽር አናይም አሉ። ያን ጊዜ ማንም አያውቅማ! ዛሬ በምጽፈው ደብዳቤ ሁሉ የአደጋውን ቀን በመጀመሪያው መስመር አስቀምጣለሁ።

ተስፋ ልቆርጥ ስል የመጀመሪያ ቀን ማስታወሻዬን ገለጥኩ። ጠርዙ ላይ ደንበኛዬ ያሉትን ጭሬ ነበር፦ «ነርቭ ሊጎዳ እንደሚችል ማንም አልነገረኝም። ቢነግሩኝ ሌላውን ዘዴ እመርጥ ነበር።» ጽፌ አልፌዋለሁ! አሁንም ሳስበው ያመኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተወሰነው የሞንትጎመሪ ጉዳይ መሠረት ታካሚው በእሱ ሁኔታ ያለ ሰው ከቁም ነገር የሚቆጥረው አደጋ ሊነገረው ይገባል። እዚህ ላይ የሐኪሞች ልማድ ብቻውን አይበቃም።

ለባለሙያው እንደገና ጻፍኩ፦ «ይህ አደጋ በዚያን ቀን የታወቀ ነበር? አማራጭ ዘዴስ ነበረ?» መልሳቸው አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ለሁለቱም አዎ ብለዋል። ጉዳዩ በካሳ ተቋጨ። ዛሬ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ፣ ምን እንደደረሰባቸው ከመጠየቄ በፊት ምን እንደተነገራቸው እጠይቃለሁ።