ሦስት ወሩን ማንም አልነገረኝም

የልጄ አባት መጀመሪያ የመታኝ ቀን ፊቴን ታጥቤ ተኛሁ። ጠዋት ለጎረቤት «በር መታኝ» አልኩ። ፖሊስ ጋ የሄድኩት ከአራት ወር በኋላ ነው። የበለዘው ፊቴ ድኗል፤ ምስክር የለኝም። ጊዜውም አልፎብኝ ነበር። ለካ ቀላል የአካል ጉዳት በግል አቤቱታ የሚያስከስስ ወንጀል ነው። ተበዳይ ድርጊቱንና አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ማመልከት አለበት። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተጽፏል፤ የነገረኝ ግን አልነበረም።

በሁለተኛው ጊዜ የአራት ዓመት ልጄ አልጋ ሥር ገባች። አዝያት ወጣሁና በሌሊት ባጃጅ ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ፖሊስ «እህቴ፣ የባልና ሚስት ጠብ ነው፤ ጠዋት ትታረቃላችሁ» አለኝ። «እሺ፤ ግን ለሐኪም ቤት ደብዳቤ ጻፍልኝ» አልኩት። ይህን ያስጠናችኝ አከራዬ እትዬ ናት፤ እሷም በጊዜዋ ይህ ደርሶባታል። እያጉረመረመ ጻፈ። በዚያው ሌሊት ሐኪሙ ጉዳቴን መዝግቦ የሕክምና ማስረጃውን ሞላ። ያቺ ወረቀት ባትኖር የእኔ ቃል ከእሱ ቃል ጋር ብቻ ነበር የሚጋጨው።

እሱ «ሚስቴ አይደለችም» ብሎ ቃሉን ሰጠ። እውነት ነው፣ ሳንፈራረም ነው አምስት ዓመት አብረን የኖርነው። ያለቀልኝ መሰለኝ። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አዳማ ቅርንጫፍ ሄጄ ጠየቅኩ፤ ምክሩ በነፃ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን ብቻ ሳይሆን ያለ ጋብቻ አብሮ የሚኖርንም ሰው ይጠብቃል አሉኝ። በአካል ብቻ ሳይሆን በአእምሮ ጤና ላይ የደረሰውንም ጉዳት ጭምር።

ከዚያ ሽማግሌ መጣ። «አንቺ ልጅ፣ የልጅሽን አባት አሳስረሽ ምን ታገኛለሽ?» አሉኝ። እናቱም አብራ መጥታ ነበር፤ ቡናውን ጠጣች እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ሽምግልናን አልጠላም፤ በብር ለተጣላ ሰው መድኃኒት ነው። ፊቷ በልዞ ያለችን ሴት «አቤቱታሽን አንሺ» ማለት ግን ሽምግልና አይመስለኝም፤ ካነሳሁት መዝገቡ እንደሚዘጋ ያውቃሉ። አላነሳሁም። ተፈረደበት፤ ቅጣቱ በገደብ ሆነ። አልረካሁም፣ ግን ከዚያ ወዲህ እጁን አላነሳብኝም።

የልጄ ቀለብ ሌላ መዝገብ ነው። ይህንንም ዘግይቼ ነው የገባኝ፤ የወንጀሉ ፍርድ ወተት አይገዛም። በአዳማ የክልሉ ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ ቲማቲም ለመግዛት ነው የሚበቃው። ስለዚህ ማመልከቻውን በር ላይ ካሉት ጸሐፊዎች አንዱ ጻፈልኝ፤ ችሎት ውስጥ አስተርጓሚ ነበር። ለዳኝነት ክፍያ አቅም ስላልነበረኝ ከቀበሌ ማስረጃ አምጥቼ በደሃ ደንብ ከፈትኩ። የአባትየው ስም ያለበት የልደት ምስክር ወረቀቷ እዚህ ጋ ነው የጠቀመኝ።

ቀለብ ቋሚ ዋጋ የለውም። ዳኛው የሰጪውን አቅምና የልጁን ፍላጎት ያያል። እኔ የሁለት ወር ወጪ በደብተር ጽፌ ነበር፤ የቤት ኪራይ፣ ወተት፣ የትምህርት ቤት፣ ሌላው ቀርቶ የጫማ። እሱ «ሥራ የለኝም» አለ። ፍርድ ቤቱ መሥሪያ ቤቱን በደብዳቤ እንዲጠይቅ አመለከትኩ፤ የደመወዙ መጠን ተጽፎ መጣ። ፊቱን ብታዩት!

በወር 3,000 ብር ተወሰነ፤ ከደመወዙ ተቆርጦ በቀጥታ ወደ እኔ ሂሳብ እንዲገባ። ልብ በሉ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከአንድ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ አይቆረጥም። ስለዚህ ደመወዙን ሳታውቁ ትልቅ ቁጥር ጠርታችሁ አትድከሙ።

በአምስተኛው ወር ብሩ ቀረ። ሥራ ለቅቋል። እንደ አዲስ መክሰስ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ የሚከፈተው ግን የተሰጠውን ፍርድ የሚያስፈጽም የአፈጻጸም መዝገብ ነው፣ ትእዛዙ ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤት ይጻፋል። አሁን ሦስተኛው መሥሪያ ቤት ላይ ደርሰናል። የት እንደገባ ቀድማ ደውላ የምትነግረኝ እናቱ ናት።