የእማዬን አባት ፍለጋ

የእማዬ አባት ጣሊያን ነው። ይህን ሰፈራችን ሁሉ ያውቃል፣ መልኳ ራሱ ይናገራል። ማንም የማያውቀው የት እንደገባ ነበር። እንግሊዞች ኤርትራ ውስጥ ካለችው ደቀምሐረ ወሰዱት፣ ምፅዋ ላይ መርከብ አሳፈሩት፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። አያቴ እስከ ዕለተ ሞቷ "ባሕር በላው" ትል ነበር። ጎረቤቱ ደግሞ "የምን ባሕር? አገሩ ገብቶ ሚስት አግብቶ ነው እንጂ" ይላል። እማዬ ያደገችው በእነዚህ ሁለት ወሬዎች መሃል ነው። ጎልቶ የሚሰማው ሁለተኛው ነበር። ክልስ፣ የሶላቶ ልጅ፣ አባቷ ጥሏት የሄደ።

ፍለጋውን የጀመርኩት ለእሷ ብዬ ነው። ዕድሜዋ ሰማንያን አልፏል። እውነቱ የቱንም ያህል መራራ ቢሆን ከወሬ ይሻላታል ብዬ አስቤ ነበር፣ አሁንም እንደዚያው ነው የማስበው።

መጀመሪያ የያዝኩት ነገር ምፅዋን ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ሲሸነፍ እንግሊዞች እጅ የገቡት ወታደሮች ብቻ አልነበሩም። መካኒክ፣ ሾፌር፣ ግንበኛ፣ ነጋዴ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሲቪልም ነበር። ሴቶችን፣ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ነጭ ቀለም በተቀቡ ትልልቅ መርከቦች፣ አፍሪካን በደቡብ አዙረው ወደ ጣሊያን መለሷቸው። ለሥራና ለጦርነት የሚሆነው ወንድ ግን አገሩ አልተመለሰም። ኬንያ፣ ሮዴዥያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ)፣ ደቡብ አፍሪካ ካምፕ ነው የተላከው። የእማዬ አባት የካሚዮን መካኒክ ነበር፣ ገና ጎልማሳ። ስለዚህ መርከቡ ወደ ደቡብ የሄደ መሆን አለበት። በዚያ ሰሞን ከምፅዋ ተነስተው ያልደረሱ መርከቦችን ስፈልግ አንድ ስም ደጋግሞ መጣ፦ ኖቫ ስኮሺያ።

ኖቫ ስኮሺያ እ.ኤ.አ. በ1926 እንግሊዝ ውስጥ የተሠራች የመንገደኛ መርከብ ናት። በጦርነቱ ጊዜ ወታደር ማመላለሻ አደረጓት። በመጨረሻ ጉዞዋ ከምፅዋ ወደ ደርባን ስትሄድ ከ1,000 በላይ ሰው ጭና ነበር። አብዛኞቹ ጣሊያናውያን እስረኞች ናቸው፣ የቀሩት የደቡብ አፍሪካ ወታደሮችና የመርከቧ ሠራተኞች። ህዳር 19 ቀን 1935 ዓ.ም. (በፈረንጅ ኖቬምበር 28፣ 1942) ዩ-177 የተባለ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ከሞዛምቢክና ከደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ማዶ በቶርፔዶ መታት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሳነብ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ተነስቻለሁ። ሰርጓጁ የመታው ማንን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ላይ ወጣ። ሁለት ሰዎች ከውሃው አወጣ። ጣሊያኖች ናቸው። ጀርመንና ጣሊያን እኮ በአንድ ወገን የሚዋጉ ጓዶች ነበሩ! አዛዡ ምን ላድርግ ብሎ በሬዲዮ ጠየቀ። ጉዞህን ቀጥል ተባለ። ምክንያቱም ከሁለት ወር በፊት ላኮንያ የምትባል፣ እሷም የጣሊያን ምርኮኞች የጫነች መርከብ አትላንቲክ ላይ ተመትታ ነበር፤ የመታት ሰርጓጅ የተረፉትን ሲያወጣ የአሜሪካ አውሮፕላን መጥቶ ቦምብ ጣለበት፤ የጀርመን ሰርጓጆች የበላይ አዛዥ ዶኒትዝም ከዚያ ወዲህ ከውሃ ሰው እንዳታወጡ ብሎ አዘዘ። ስለዚህ ዩ-177 ሁለቱን ይዞ ሄደ። ሌላው ሁሉ እዚያው ቀረ።

ጀርመኖቹ ለፖርቱጋል አስታወቁ። ፖርቱጋል ገለልተኛ ነበረች፣ ሞዛምቢክም በእሷ እጅ ናት። አፎንሶ ደ አልቡኬርኬ የሚባል የጦር መርከብ ከሎሬንሶ ማርኬስ፣ ከዛሬው ማፑቶ ማለት ነው፣ ተልኮ ከ190 በላይ ሰው አወጣ። ከ850 በላይ ሞተዋል። የባሕሩ ሞገድ የብዙዎቹን አስከሬን ደቡብ አፍሪካ ወዳለው የናታል ዳርቻ ገፍቶ አወጣው። 120 የሚሆኑት ደርባን አጠገብ ሂላሪ የሚባል ቦታ በአንድ መቃብር ተቀብረዋል።

መርከቧን ማግኘት አንድ ነገር ነው። ሰውየው መርከቧ ላይ እንደነበረ ማረጋገጥ ሌላ። በጦርነቱ ለሞቱት የደቡብ አፍሪካ ወታደሮችና ለእንግሊዝ ባሕረኞች የመቃብርና የመታሰቢያ መዝገብ የሚይዝ ኮሚሽን አለ፣ ስም አስገብቶ መፈለግ ነው። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴርም የራሱ የሞቱ ወታደሮች ዝርዝር አለው። የእማዬ አባት ግን ወታደር አይደለም። ለጣሊያን የጦር ሟች አይደለም፣ ለእንግሊዝ ደግሞ የጠላት ዜጋ ነው። ስሙን የጻፈው የእንግሊዝ ጸሐፊ ጆሮው እንደሰማው ነው የሚጽፈው። ድርብ ፊደሉ ነጠላ ይሆናል፣ መጨረሻው ይቆረጣል። እንደዚህ ዓይነት ሰው የምትፈልጉ ካላችሁ ስሙን በሚቻለው አጻጻፍ ሁሉ ሞክሩ፣ የአባት ስምና የራሱን ስም ገልብጣችሁም ጭምር።

ሁለተኛው ግድግዳ የባሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 በግንቦት የፋሺስቱ መንግሥት ያወጣው ሕግ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን "ልጄ ነው" ብሎ እንዳያስመዘግብ ይከለክላል። እማዬ የተወለደችው ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም. መስከረም ነው። የክርስትና መዝገቧ ላይ የአባት ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ዕድሜ ልኳን የተጠራችው በአያቴ አባት ስም ነው። ስለዚህ ማስረጃ ስጡኝ ብዬ ስጽፍ "ምኑ ነሽ?" ሲሉኝ የማሳየው ወረቀት የለኝም። አንድ ቢሮ ዝምድናሽን ካላረጋገጥሽ አናስተናግድሽም ብሎ መለሰኝ። ያን ቀን በጣም ነው ያለቀስኩት፣ ሕጉ ከተሻረ ስንት ዘመኑ፣ ሥራውን ግን እስከ ዛሬ ይሠራል።

ያወጣን ፎቶው ነው። አያቴ በነጠላ ጫፍ ጠቅልላ ያኖረችው፣ ሱሪው ቅባት የነካው ሰውዬ ካሚዮን ተደግፎ የቆመበት። ጀርባው ላይ በእርሳስ ሙሉ ስሙና አንድ የሰሜን ጣሊያን ከተማ ስም ተጽፏል። ጣሊያንኛ የተማሩ ጎረቤታችን ጋሼ ደብዳቤ ጻፉልኝና ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ላክነው። ጣሊያን ውስጥ የልደት መዝገብ በማዘጋጃ ቤት ነው የሚቀመጠው፣ ሰውየው ሲያገባና ሲሞት ደግሞ እዚያው ገጽ ኅዳግ ላይ ይጨመራል። መልሱ ዘግይቶ መጣ። የገጹ ፎቶ ኮፒ ነው። መሃሉ ላይ የድሮ የተጠማዘዘ የእጅ ጽሑፍ፣ የእናቱ ስም፣ የአባቱ ሥራ። በግራ ኅዳጉ፣ በሌላ እጅና በሌላ ቀለም፣ አጭር ጽሑፍ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ቃል በቃል አነበቡልን። ኖቬምበር 28 ቀን 1942 በኖቫ ስኮሺያ መስጠም ሞተ ይላል። ስለ ጋብቻ የተጻፈ ምንም የለም።

እማዬ ደግመህ አንብብልኝ አለቻቸው፣ አንቱ ማለቱ እንኳ ጠፍቷት። ከዚያ "እንግዲያው አልከዳንም" አለች።

ባሕር ላይ ስለነበሩት ሰዓታት፣ ስለ ሻርኮቹ፣ የተረፉት የተናገሩትን አላነበብኩላትም። ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ። እስካሁን አልጠየቀችም።

ወንድሜ "ወራሪ ነበር፣ ምን ያንገበግብሻል?" ይለኛል። ልክ ነው፣ የመጣው የየካቲት 12ን ደም ካፈሰሰው መንግሥት ጋር ነው። ይህን አልክድም፣ ስለ እሱ በጎነትም የምመሰክረው የለኝም። ግን የሁለት ዓመት ልጅ አባቷን አጥታ፣ ያጣችበትንም ሳታውቅ ሰማንያ ዓመት መኖር የለባትም። ደግሞ እንደ እሷ ያሉ ብዙ ናቸው። አባታቸው ጥሏቸው የሄደ የተባሉ ክልሶች አዲስ አበባም አስመራም ደሴም ነበሩ፤ ከእነሱ ውስጥ የስንቶቹ አባት ከዚያች መርከብ ላይ እንደነበረ ማን ጠየቀ?

በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ አሁኑኑ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። የተወለደበትን ከተማ በትክክል ካገኛችሁ ግማሹን ጨርሳችኋል። የትኛው ወደብ፣ በየትኛው በዓል ሰሞን እንደተወሰደ ጠይቁ፣ ቀኑን ባያውቁት በዓሉን አይረሱም። ጄኔቭ ያለው የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ማኅደር የዚያን ጦርነት እስረኞች ካርዶች ይዟል፣ የቤተሰብ ጥያቄ የሚቀበለው ግን በዓመቱ ውስጥ በተወሰነ ጊዜ ስለሆነ ቀድማችሁ ተዘጋጁ።

እኔ አሁን የእህቱን የልጅ ልጆች እየፈለግኩ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤዬን ካሉ ሊያደርስልኝ ተስማምቷል። እማዬ የራሷ ፎቶም አብሮ ይሂድ ብላለች፣ የትኛው እንደሚሻል ግን ገና አልተስማማንም።