ኢም፦ በሯን የዘጋች መንደር

አንድን ቦታ ማወቅ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይጠይቅ። ለጂኦግራፊ ተማሪዎቼ ሁሌም የምላቸው ይሄንን ነው። ሰሞኑን እዚህ ጅማ ክፍል ውስጥ ያነሳሁላቸው ደግሞ ኢም የምትባለውን ትንሽ የእንግሊዝ መንደር ነው።

ኢም ያለችው ደርቢሻየር ውስጥ፣ ፒክ ዲስትሪክት በሚባለው ኮረብታማ አካባቢ ነው። በአንድ በኩል የአሸዋ ድንጋይ ዳገት፣ በሌላ በኩል የኖራ ድንጋይ። ምንጮቹ ከዳገቱ ይወርዳሉ። ነዋሪዎቹ በ1588 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ውሃውን ስበው በየመንገዱ ዳር የድንጋይ ገንዳ ውስጥ አስገቡት። ገንዳዎቹ ዛሬም አሉ። ሰዉ ከበግ እርባታና ከእርሳስ ማዕድን ይኖር ነበር።

በ1665 ከለንደን ለአንድ ልብስ ሰፊ የጨርቅ ጥቅል መጣለት። ለንደን ያኔ በቸነፈር እያለቀች ነበር። ጥቅሉን የፈታው ጆርጅ ቪከርስ የሚባል ረዳቱ ነው፤ ጨርቁ እርጥበት ስለነበረው እሳት ዳር አሰጣው። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቁንጫ ከጨርቁ ጋር መጥቷል ይባላል። ቪከርስ በቀናት ውስጥ ሞተ፣ ከዚያ ጎረቤት፣ ከዚያ ጎረቤት።

በሰኔ 1666 ቄሱ ዊልያም ሞምፐሰን ሕዝቡን ሰብስቦ ከመንደሩ ማንም እንዳይወጣ ለመነ። ከእሱ በፊት የነበረው ቄስ፣ በእምነት የማይስማማው ቶማስ ስታንሊም አብሮት ቆመ። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሞምፐሰን ግን የራሱን ልጆች ቀድሞ አሽሽቶ ነበር። ይሄ እስካሁን ይከነክነኛል። ሚስቱ ካትሪን አልሄድም ብላ ቀረች፤ ነሐሴ ላይ ሞተች።

ተማሪዎቼን ዝም ያሰኛቸው የኤልሳቤጥ ሃንኮክ ታሪክ ነው። በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን ቀበረች። የሚረዳት ሰው አልነበረም። መቃብሮቹ ዛሬም ከመንደሩ ወጣ ብሎ በድንጋይ አጥር ተከበው ይታያሉ።

ስለ ኢም ሲወራ ሁሌ የሚመሰገኑት ቄሶቹ ናቸው። እኔ ግን ምግብ ያቀበሉት ጎረቤቶች ተረስተዋል እላለሁ። ከጎረቤት መንደር ከስቶኒ ሚድልተን ወደ ኢም በሚወስደው መንገድ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ትልቅ ድንጋይ አለ። የኢም ሰዎች ሳንቲማቸውን፣ በሽታውን ያጠፋል ብለው፣ አቼቶ በሞላው ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ጎረቤቶቻቸው እህሉን አስቀምጠው ሳንቲሙን ይወስዳሉ። በአቅራቢያው ባለው ቻትስወርዝ የሚኖረው፣ የዴቨንሻየር ኧርል የሚባለው ባላባትም ስንቅ ይልክ ነበር። ይሄ ባይኖር ኖሮ ረሃብ ሰዉን ገፍቶ ያስወጣው ነበር። የመጨረሻው ሰው የሞተው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው፤ በጠቅላላው ወደ 260 ሰው አለቀ። ወረርሽኙ ግን ወደ አጎራባች መንደሮች አልተስፋፋም።

አንዷ ተማሪዬ «እኛስ ብንዘጋ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን የቤት ሥራ አደረግኩት። የጅማን ካርታ ይሳሉ፤ የአጋሮ፣ የሰቃና የአዲስ አበባ መንገዶች፣ የአዌቱ ወንዝ፣ የሂርማታ ገበያ ይግቡበት። ከዚያ እህሉ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚያመጣው፣ የት ላይ እንደሚራገፍ ያመልክቱ። ቀበሌያቸውን ከመረጡ ምንጩንም ያሳዩኝ።